የሐምሌ ብስክሌተኛ

ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። አባይ ማዶ በተከራየኋት ክፍል በር ላይ ቆሜ ሰማይ አያለሁ። ብስክሌቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የቀኝ እግሬ ሱሪ ካቴናው እንዳይበላው በላስቲክ ታስሯል፤ ቦርሳዬ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ሰውን ከቤት የሚያስወጣው ነገር ሁሉ ተሟልቷል። ዝናብ የለም። ከቤዛዊት ኮረብታ በላይ ግን እንደ ከሰል የጠቆረ ደመና ተንጠልጥሎ፣ "እስቲ ወንድ ከሆንክ ውጣ!" የሚለኝ ይመስላል።

አልወጣሁም። አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሐውልት ከቆምኩ በኋላ ብስክሌቷን ወደ ውስጥ መለስኳት፤ ላስቲኩን ፈታሁ፤ ቡና ጣድኩ። ከዚያም ለምሠራበት ማተሚያ ቤት ደውዬ፣ "ኧረ ዝናቡ አላስወጣ አለኝ" አልኩ። ደመናው እስከ ረፋዱ ድረስ አንዲት ጠብታ ሳይጥል በጣና ላይ አልፎ ሄደ።

በስልኩ ውስጥ ውሸቴን የሰማው ሰው ምንም አላለኝም። ከሳምንት በኋላ ግን 300 ገጽ የሚሆን መጽሐፍ የማረም ሥራ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ሰማሁ። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ "አንተማ ክረምቱን አትገኝም ብለን ነው" ተባልኩ። ስድብ አልነበረም። ቁጣም አልነበረም። ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። በገጽ እየተከፈለው ለሚኖር ሰው 300 ገጽ ስንት የቤት ኪራይ እንደሆነ ለአንባቢ ማስላት አያስፈልግም። ሥራውን የወሰደችው ልጅ ደግሞ ብስክሌት እንኳ የላትም፤ በየጠዋቱ ከሽምብጥ በእግሯ ነው የምትመጣው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ደመና ነው።

*

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ፤ ቋሚ መሥሪያ ቤት ግን የለኝም። ለመጽሔቶች መጣጥፍ እጽፋለሁ፤ መጣጥፍ ደግሞ ሰው ስለማያኖር በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ አርማለሁ። ከቤቴ እስከ ማተሚያ ቤቱ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን መንገድ በብስክሌት ስመላለስ አምስት ዓመት ሆኖኛል።

ባሕር ዳርን ለማያውቅ ሰው፣ ከተማዋ ለብስክሌት የተፈጠረች ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ብትቀመጥም መሬቷ እንደ ምጣድ የተደላደለ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ብስክሌትን ከስፖርት ወይም ከልጆች መጫወቻ ጋር ያያይዛል፤ ዳገቱ ይፈርድበታል። እኛ ዘንድ ግን ባጃጅ እንዲህ ሳይበዛ በፊት መምህሩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ዘንባባ ተተክሎ በተዋበው መንገድ ላይ እኩል ፔዳል ይመታ ነበር። ከኋላ ሚስት፣ ከፊት ልጅ አስቀምጦ ወደ ጊዮርጊስ የሚሄድ አባወራ ማየት ብርቅ አልነበረም።

ታዲያ ይህች ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ለዝናብም የተፈጠረች ናት። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ የዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ ይወርድባታል። ባሕር ዳር በበጋ ብስክሌተኛን ታቅፋለች፤ በክረምት ትፈትናለች።

ከታኅሣሥ ወር 2017 ጀምሮ አንዲት ትንሽ ደብተር መያዝ ጀምሬ ነበር። ሐሳቤ መጀመሪያ ሌላ ነበር፤ ስለ ከተማዋ ብስክሌቶች አንድ መጣጥፍ ለመጻፍ አስቤ፣ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደ ተነሣሁና ስንት ሰዓት እንደ ደረስኩ፣ አየሩ ምን እንደሚመስል መመዝገብ ያዝኩ። መጣጥፉ ሳይጻፍ ቀረ፤ ደብተሩ ግን ልማድ ሆኖ ቀጠለ። ሥራው ያመለጠኝ ዕለት ማታ፣ ተናድጄም አፍሬም፣ ደብተሩን ከፍቼ መደመርና ማካፈል ጀመርኩ። እኔ ፈልጌ የነበረው ሰበብ ነው፤ "በክረምት በብስክሌት መሥራት አይቻልም" የሚል ማስረጃ። ደብተሩ ግን ያልጠበቅሁትን ነገረኝ።

በጥር ወር መንገዱ በአማካይ 21 ደቂቃ ወስዶብኛል። ይህም በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። በሐምሌ የነዳሁባቸው ቀናት አማካይ ደግሞ 27 ደቂቃ ነው፤ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ግድም። ልዩነቱ 6 ደቂቃ። በቃ! ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ጎርፍ፣ ያ ሁሉ "ኧረ እግዚኦ!" ተደምሮ ስድስት ደቂቃ። አንድ ስኒ ቡና እስኪበርድ የሚፈጅ ጊዜ።

*

እነዚያ ስድስት ደቂቃዎች የት እንደሚሄዱ ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያሻም።

የመጀመሪያው ፍሬን ነው። በአሮጌ ብስክሌት ላይ ፍሬኑ የሚይዘው ቸርኬውን ነው። ቸርኬው ሲረጥብ በጎማዊው መያዣና በብረቱ መካከል ስስ የውሃ ሽፋን ይገባል፤ ፍሬኑ መጀመሪያ ያን ውሃ መጥረግ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚይዘው። የእኔ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ከምናምን ይጓዛል። ሦስት ጊዜ ዞሮ ያዘ ማለት ስድስት ሰባት ሜትር ያለ ፍሬን ሄድኩ ማለት ነው። የሚያብረቀርቀው የብረት ቸርኬ ከሁሉም ይብሳል፤ አሉሚኒየሙ ይሻላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በክረምት ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ዝናቡ ሳይሆን ጥንቃቄው ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ ስለዚህ መዞር ነው። ቦዩ በፌስታልና በቆሻሻ ሲደፈን ጎርፉ አስፋልቱን ይወርሰዋል፤ ብስክሌተኛው የሚሄድበት ዳር ደግሞ መጀመሪያ የሚሰምጠው እሱ ነው። ወደ መሃል ሲወጣ ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋበታል።

ሦስተኛው ልብሱ ነው። ሰፊ የዝናብ ልብስ ለባሹን ከውሃ ያድነው ይሆናል፤ ነፋስ ሲገባበት ግን እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋና ወደ ኋላ ይጎትታል። አራተኛው ካቴናው ነው። ዝናቡ ዘይቱን ያጥበዋል፤ አሸዋው በቦታው ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ያላጸዱት ካቴና በየፔዳሉ ያቃስታል።

አምስተኛው ጭቃው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ቃል ላውራ። የብስክሌት ጠጋኞቻችን ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ጎሚስታ። ከነዚህ ሁሉ ለክረምት የሚጠቅመው ፓራፋንጎ ነው። ፋንጎ በጣልያንኛ ጭቃ ማለት ነው፤ ፓራፋንጎ እንግዲህ ጭቃ ከላካይ መሆኑ ነው። የድሮዎቹ ፊኒክሶች ጎማቸውን ከፊትም ከኋላም የሚሸፍን ረጅም ፓራፋንጎ ነበራቸው። ዛሬ ወጣቱ የሚወዳቸው ማውንቴን ብስክሌቶች ብዙዎቹ ያለ ፓራፋንጎ ነው የሚመጡት፤ ስማቸው የተራራ ሲሆን አንድ ካፊያ ሲጥል የነጂውን ጀርባ ከወገብ እስከ ማጅራት በጭቃ ይስሉታል። ገበያው አጠገብ ተቀምጠው የሚጠግኑ፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው አንድ አዛውንት፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ወጣት ጀርባውን አሳይቷቸው ሲያማርር፣ "ልጄ፣ ብስክሌት ገዝተህ ፓራፋንጎ አልገዛህም፤ ቤት ሠርተህ ጣራ እንደ መተው ነው" ሲሉት ሰምቻለሁ።

*

ስለ ክረምት ብስክሌት በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ሳነብ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። እነሱ "ክረምት" ሲሉ በረዶና ብርድ ማለታቸው ነው። መዝገበ ቃላታችንም የእነሱን ወቅት "ክረምት" ብሎ ይተረጉመዋል። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የእኛ ብርዳም ጠዋት በክረምት አይደለም፤ በበጋ ነው። በባሕር ዳር የጥር ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ የሐምሌ ሌሊት በደመና ተሸፍኖ 14 ዲግሪ ግድም ያድራል። እንዲያውም ደብተሬ ላይ "ጣቶቼ ቆፈኑ" የሚል የተጻፈው ታኅሣሥና ጥር ላይ ብቻ ነው። ፈጣኑም ጊዜዬ እነዚያው ወራት ናቸው!

በአውሮፓ ክረምት ብስክሌተኛ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት አየሩ ራሱ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ይታመቃል፤ በ0 ዲግሪ ያለ አየር በ20 ዲግሪ ካለው 7 ከመቶ ያህል ይከብዳል። በሜዳ ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ደግሞ ዋናው ባላጋራ አየር ነው። በዚያ ላይ የጎማው ነፋስ በብርዱ ይቀንሳል፤ ልብሱ ይደራረባል፤ መንገዱ መስተዋት ይሆናል። እኛ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። በከፍታችን ምክንያት የባሕር ዳር አየር ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። አየሩ ለእኛ ያደላል ማለት ነው።

ታዲያ አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ፊንላንድ ውስጥ ኡሉ የምትባል ከተማ አለች፤ ከአርክቲክ ክበብ ብዙም አትርቅም። እዚያ በበረዶ ውስጥ ትምህርት ቤት በብስክሌት የሚሄዱ ሕፃናት አሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ክረምት ብስክሌት የሚመክር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተካሄደውም በዚያው ነው። የኡሉ ሰው ከእኛ የበለጠ ጀግና ስለሆነ ነው እንዳልል፣ ጀግንነት በአገር አይከፋፈልም። ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የብስክሌት መንገዱ ለብቻው ነው፤ በረዶው ይጠረጋል፤ መብራት አለው። ልጁ ከቤቱ ሲወጣ መንገዱ እንደሚጠብቀው ያውቃል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የአባይ ድልድያችን ለእኔ ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ ብል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በጠባቡ አሮጌ ድልድይ ላይ ከአይሱዙ ጎን እየተጋፋሁ በዝናብ ያለፍኩባቸውን ጠዋቶች አልረሳም። ዛሬ ድልድዩ ላይ ዝናብ ቢይዘኝ ዝናብ ብቻ ነው የያዘኝ፤ ሞት አብሮት አይመጣም።

*

ወደ ደብተሬ ልመለስ። የፍጥነቱ ጉዳይ ስድስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ ክረምቱ የወሰደብኝ ሌላ ምንድን ነው?

በጥር ወር ከነበሩት 26 የሥራ ቀናት በ24ቱ ብስክሌት ነድቻለሁ። አንዱን ቀን የቀረሁት ከተራ ስለነበረ፣ ሌላውን ጉንፋን ይዞኝ ነው። በሐምሌም የሥራ ቀናቱ 26 ነበሩ። የነዳሁት ግን 11 ቀን ብቻ ነው። ከቀሩት 15 ቀናት በአሥሩ በባጃጅ ሄጃለሁ፤ አምስቱን ጨርሶ ከቤት አልወጣሁም።

ባጃጁስ? በክረምት ባጃጅ የሚፈልገው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የከተማው ሰው ሁሉ ነው። መጠበቁ፣ መሙላቱ፣ መጋፋቱ ተደምሮ በአማካይ 35 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። በገንዘቤ ስምንት ደቂቃ መዘግየት ገዝቼ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በደብተሬ ላይ የአየሩን ነገር ስለምጽፍ፣ እነዚያን 15 ቀናት አንድ በአንድ አየኋቸው። ልወጣ ባልኩበት ሰዓት በእርግጥ ዝናብ ይጥል የነበረው በስንቱ ነው? በስድስቱ። በቀሩት ዘጠኝ ቀናት የተጻፈው "ደመና" ነው። ደመና ብቻ!

ይህን ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስድስት ጊዜ ዝናብ አሸንፎኛል፤ ያ ያሳፍራል አልልም፤ የሐምሌ ዶፍ ስንቱን አሸንፏል። ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈኝ ግን ገና ያልመጣ ዝናብ ነው። ራሴ በራሴ ላይ ያዘነብኩት።

ሰው ከቤቱ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚደርስበት ደጋግሜ አሰብኩበት። መንዳቱ አይደለም የሚያስጠላው። አንዴ ከወጣሁ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ሰውነቴ ይሞቅና ዝናቡ እንደ ሙዚቃ ይሆናል፤ ብዙ ቀን እንዲያውም በጋ ላይ የማላገኘው ደስታ አግኝቼበታለሁ። የሚያስጠላው በሩ ላይ ያለው ክርክር ነው። "ይዘንብ ይሆን? ባይዘንብስ? የዝናቡን ልብስ ልልበስ? ከለበስኩ ያልበኛል፤ ካልለበስኩ እበሰብሳለሁ።" ክርክሩ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከመንገዱ ላይ የምከስረው ስድስት፣ በሩ ላይ የምከስረው አሥር!

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል። በጥር በብስክሌት ሥራ ቦታ ስደርስ "ስፖርተኛው መጣ" ይሉኛል። በሐምሌ ስደርስ፣ ከሱሪዬ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ "አይ ምስኪን!" ይሉኛል። ብስክሌቷ ያችው ናት፤ እኔም ያው ነኝ። ወቅቱ ሲቀየር ከስፖርተኛነት ወደ ድህነት እወርዳለሁ። የረጠበ ካልሲ ይዞ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ ደስ አይልም፤ ከዚያ በላይ ግን ያ "አይ ምስኪን" ያንገበግበኛል። አንዳንድ ጠዋት የሸሸሁት ዝናቡን ሳይሆን ያን ቃል እንደነበረ አሁን አምናለሁ።

*

በዚያ ሰሞን ወደ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

አባቴ የጤና ረዳት ነበር፤ ሰፈሩ ግን "ድሬሰሩ" ነበር የሚለው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። 9 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ 9 ኪሎ ሜትር መመለስ፤ ክረምት ከበጋ በጥቁር ፊኒክስ። እኔ ልጅ ሳለሁ የአባቴ ብስክሌት በዝናብ የማትቆም ነገር ትመስለኝ ነበር። ጠዋት ሲወጣ ሰማይ አያይም። ጎንበስ ብሎ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ደህና ከሆነ ይሄዳል። "ሰማይ የእኔ ሥራ አይደለም" ይል ነበር።

በነሐሴ 1993 ዓ.ም. ከሌሊት ተራ ሲመለስ አንዲት ጥጃ መንገድ ገባችበት። ፍሬኑን ያዘ፤ ቸርኬው ረጥቦ ነበርና አልያዘለትም። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ሰዎች ደግፈው ሲያመጡት እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ያችኑ ፊኒክስ ይዞ ወጣ። በእኔ ልብ ውስጥ አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት የማያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ደብተሬን አሳየሁትና፣ እንደ መንፈሳዊ አባት ሁሉንም ተናዘዝኩለት። ደመናውን፣ ስልኩን፣ ያመለጠኝን መጽሐፍ። ሲጨርስ፣ "አባባ፣ አንተ ግን አንድም ቀን አልሰለቸህም?" አልኩት።

"በየቀኑ ነው እንጂ" አለ።

"ታዲያ እንዴት ትወጣ ነበር?"

"መወሰኑ ከመንዳቱ ይከብደኝ ነበር። ስለዚህ መወሰኑን ተውኩት።"

ይህን ሰምቼ መልሴን አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። በክረምት የሚያመውን ጉልበቱን በጋቢው ሸፈነና ዝም አለ። ከዚያ፣ "ሁልጊዜም አልወጣሁም" አለኝ። "በ1994 ክረምት አንድ ማታ የሌሊት ተራዬ ነበር። ከወደቅሁ ዓመት አልሞላኝም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ መብረቁ ከጣና ማዶ ይታያል። በሩ ላይ ቆምኩ። ትከሻዬ ታወሰኝ። ከዚያ የኋላውን ጎማ ቫልቭ ፈትቼ አስተነፈስኩት።"

እኔም ዝም አልኩ።

"አንተን ነው የላክሁህ" አለ። "ትዝ ይልህ ይሆን?"

ትዝ አለኝ። ከአንድ አጥር በላይ የማይርቀው የሥራ ጓደኛው ቤት ሄጄ፣ "አባባ ጎማው ተንፍሶበት ነው፤ ዛሬ ይደሩልኝ ብሏል" ብዬ ነበር። ሰውየው ከቀን ተራ ገና መግባቱ ነበር። እራት ቀርቦለት ነበር። ምንም አላለኝም፤ ከእራቱ ተነሣ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ውሃው ገና ያልተንጠፈጠፈውን ካፖርት መልሶ ለበሰና ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። ካፖርቱ ክብደቱ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ያኔ የመሰለኝ መልእክት አድራሽ መሆኔ ነበር።

"እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም" አለ አባቴ። "አንድ ሌሊት ነው። ሁለት ተራ ሠራ፤ ጠዋት ተመለሰ፤ 'ጎማህ ተሠራ?' ብሎ ጠየቀኝ። ተሠራ አልኩት።"

ትንሽ ቆይቶም፣ "ጎማውን በአውራ ጣቴ መጫን የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው" አለ። "ቀድሞ የማደርገው አይመስለኝም። አንተ ቀድሞም ታየኝ ነበር ካልክ፣ አላውቅም።"

እኔም አላውቅም። የልጅ ትዝታ ዓመት አይለይም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ደመና በር ላይ ያቆመኝ ጠዋት የስልኩን ውሸት የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ያን መጽሐፍ ከሽምብጥ በእግሯ እየመጣች ያረመችው ግን ያች ልጅ ናት። ሰው በሩ ላይ ቆሞ የሚከራከረው ከሰማይ ጋር ብቻ ይመስለዋል። ከበሩ ወዲያ እራቱን ትቶ የሚነሣ ሌላ ሰው አለ።

*

በነሐሴ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁና ላብቃ።

ታላቅ ነገር አላደረግሁም። ጋሼ ዘንድ ሄጄ የፍሬኑን ጎማዎች አስቀየርኩ፤ ፓራፋንጎው ጫፍ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አስቀጠልኩ፤ ከጎማው የሚፈናጠረው ውሃ ጫማዬ ላይ እንዳይደርስ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ደረቅ ሱሪና ሁለት ካልሲ በፌስታል አስቀመጥኩ። "አይ ምስኪን" ሲሉኝ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ደርቄ እወጣለሁ፤ ቃሉ ከሱሪው ጋር አብሮ ይደርቃል። ዋናው ግን የማታው ነገር ነው፤ ቦርሳዬን ማታ እጠቀልላለሁ፤ የዝናብ ልብሱን ከመሪው ላይ እሰቅላለሁ። ጠዋት የቀረኝ ሥራ ጎማ መጫን ብቻ ነው። ዝናቡ ዶፍ ከሆነ፣ መብረቅም ካለበት፣ እጠብቃለሁ፤ እሱ ሞኝነት እንጂ ጽናት አይደለም። ለደመና ግን አልቆምም።

በነሐሴ አምስት ቀን ብቻ ቀረሁ። አማካይ ጊዜዬን አሰላሁት፤ 27 ደቂቃ። ያው ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጠንኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በክረምት ፍጥነት መመኘት ከንቱ ነው፤ መድረሱ ይበቃል። መጽሐፉም አልተመለሰልኝም፤ ቀድሞ የወሰደችው ልጅ ጥሩ አድርጋ አርማዋለች፤ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ስሕተት ብቻ ነው ያገኘሁባት። ጳጉሜን ላይ ግን የዘመን መለወጫ ካሌንደር ሲቸኩል፣ "አንተ ትመጣለህ፤ ጠዋት ጠዋት አንተ ተመልከተው" አሉኝ። ከዚያ ቀን በፊት "ትመጣለህ" የሚለው ቃል እንዲህ ከባድ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ ካፊያ እየጣለ፣ በአባቴ ቤት በኩል አለፍኩ። በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። "ግባ፣ በስብሰሃል" አላለኝም። በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣና ወደ ብስክሌቷ መጣ። ጎንበስ ማለት ይከብደዋል፤ ቢሆንም ጎንበስ አለ። የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ እንደገናም ተጫነው።

"ትንሽ ይቀረዋል" አለ።

ፓምፑን አወጣሁና፣ ካፊያው ላይ እንደ ቆምን፣ እሱ እየያዘልኝ ነፋሁት።